ሳሙናው እምቢ ያለ ቀን

ጃንሆይ ሊወርዱ ጥቂት ዓመት ሲቀራቸው፣ ኮልፌ ገበያ ውስጥ የተቃውሞ ወረቀት ስበትን ፖሊሶች ያዙኝና ቆርቆሮ ክዳን ያለው የጭቃ ቤት ውስጥ ጣሉኝ። ተማሪ ነበርኩ። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው፤ ሳሙና እየቀቀሉ የሚሸጡ የሰፈሩ ነጋዴ። የታሰሩት "የሸሸ ልጅህን አምጣ" ተብለው ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ጀርባዬንና ውስጥ እግሬን ገረፉኝና ጨው የተበጠበጠበት ባልዲ ውስጥ አቆሙኝ። ስለ ሥቃዩ አላወራም። እኔን የጨነቀኝ ሸሚዜ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴ ምግብ ታመጣና ያደፈ ልብሴን ለማጠብ ይዛ ትሄዳለች። ያንን ሁሉ ደም እንድታይ አልፈለግሁም።

ጠባቂውን ሳሙናና ውሃ ለመንኩት። ቁራጭ ሳሙና ወረወረልኝና ያንኑ ባልዲ በእግሩ ገፋልኝ።

"እጠባ፣ ምሁር!"

ባሸው፣ ባሸው፣ ሳሙናው አረፋ እምቢ አለ። እንደ አይብ እየተቆራረሰ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ።

"አትልፋ ልጄ" አሉኝ ሽማግሌው። "ሳሙና ጨው ባለበት ውሃ አይሟሟም። እኛስ ስንቀቅል ከውሃው እንዲለይልን ጨው እንጨምርበት የለ?"

"ታዲያ ምን ይሻለኛል አባባ?"

ከሶላት በፊት የሚታጠቡባትን፣ በቀን አንዴ የምትሰጣቸውን ጣሳ ውሃ ወደ እኔ ገፉ።

"ኧረ አይሆንም!"

"ዝም ብለህ እጠብ። ለኔ ግድግዳው አቧራ አለው።"

ውሃ ሲታጣ እንደሚደረገው መዳፋቸውን ግድግዳው ላይ መታ አድርገው በአቧራው ፊታቸውንና እጃቸውን አበሱና ሰገዱ። ሳሙናው በእሳቸው ውሃ ወዲያው አረፋ ሰጠ። ደሙ ለቀቀ። ሸሚዙ ሲደርቅ አሳምሬ አጠፍኩት።

ቅዳሜ ጠባቂው ወሰደላት። ወዲያው ከግቢው በር በኩል ለቅሶ ሰማን፤ የእናቴ ድምፅ። አይ የኔ ነገር! ከዚያ ግቢ ልብስ ታጥቦ ታጥፎ የሚወጣው ሰውየው ሲሞት ነው ለካ። እኔ አላውቅም ነበር፤ በር ላይ የሚቆሙት እናቶች ግን ያውቃሉ። እሷ ደግሞ ልጇ መሐረብ እንኳን አጥቦ እንደማያውቅ ታውቃለች። ጠባቂው "አለ" ብሎ አንዲት ቃል ቢተነፍስላት ይበቃ ነበር። ሲስቅ ይሰማናል።

መጮህ ክልክል ነው። በዚያ እግሬ ቆሜ ጮህኩ።

"እማዬ! አለሁ! እኔ ነኝ ያጠብኩት!"

"አለ! ልጅሽ አለ!" አሉ ሽማግሌውም፣ የክፍላችንን በር በጡጫ እየደበደቡ።

ለቅሶው ቆመ። ከሰዓት በኋላ ሁለታችንንም ገረፉን።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ኖረች። ካገባሁም ወዲያ፣ ልብሴን ራሴ ሳጥብ ካየች ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። ምክንያቱን አልነገረችኝም፤ እኔም እስክትሞት አልጠየቅኋትም።