ቦታ ያጡት ሁለት የሽምብራ ፍሬዎች

ይህን ነገር ከአንድ ሰው በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ባሌ አያውቀውም። እናቴ ሳትሰማው አረፈች። የንስሐ አባቴ እንኳ በየዓቢይ ጾሙ መግቢያ «ሌላስ ልጄ? የቀረ አለ?» ሲሉኝ አንገቴን ደፍቼ «ሌላ የለም አባ» እላቸዋለሁ። ሐሜቱን፣ ጾም መግደፉን፣ ከጎረቤት መኳረፉን ሁሉ ዘርዝሬ ዋናውን እንደያዝሁ እወጣለሁ።

ስትሰሙት ትስቁ ይሆናል። ሰው አልገደልሁም፣ ቤት አላቃጠልሁም። አንዲትን ልጅ ኬሚስትሪ አሳስቼ አስተማርኋት፤ ይኸው ነው። ግን አውቄ ነው ያደረግሁት። ዓይን ዓይኗን እያየሁ።

የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፣ ቡሬ ነው የማስተምረው። ያደግሁት ፍኖተ ሰላም ነው። ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ከግቢያችን ጥግ ያለችውን ክፍል ከቋሪት ለመጣች ተማሪ አከራየቻት። ውባለም ትባላለች፣ የክፍሌ ልጅ ናት። ከገበዝ ማርያም ወዲያ ነው አገሯ። አባቷ በገበያ ቀን በሚመጣ ሰው እጅ ስንቅ ይልኩላታል፤ ድርቆሽ፣ ሽሮ፣ የሽምብራ ቆሎ። ቆሎው ሲመጣ መጀመሪያ የሚዘገነው ለእኔ ነበር። «ገኔ፣ እንች» ትለኛለች፤ ገነት ነው ስሜ። እህት የለኝም ነበርና እህት ያገኘሁ መስሎኝ ነበር።

ታዲያ ምን አጣላሽ በሉኝ። ምንም! አልተጣላንም። ውባለም ከእኔ ትበልጥ ነበር፣ ያ ብቻ ነው። እኔ አንብቤ አንብቤ የሚገባኝ እሷ ከመምህሩ አፍ ላይ ትለቅመዋለች። እናቴ ደግሞ ጧት ማታ «እስቲ ከውባለም ተማሪ!» ነው። መጨረሻ ላይ የኬሚስትሪ መምህራችን የጥናት ቡድናችንን መሪነት ከእኔ ወስዶ ለእሷ ሰጣት። «ውባለም ታስረዳችኋለች» አለ፣ እኔ ፊት ለፊቱ ተቀምጬ። እኔ ሳቅሁ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ጉንጬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

በዚያው ሰሞን አያቷ ሞቱና ውባለም ለልቅሶ አገሯ ሄደች። ሳምንት ቆየች። ስትመለስ ክፍሉ የአዮኖችን የነጥብ ሥዕል ጨርሶ ነበር። ገና ነጠላዋን ሳታወልቅ እኔ ዘንድ መጣች። «ገኔ፣ ያመለጠኝን አስረጅኝ በሞቴ። ከአንች ሌላ ማንን እጠይቃለሁ?» አለችኝ።

ነገሩ ከባድ አይደለም፤ ኬሚስትሪ ላልተማራችሁትም ይገባችኋል። በአቶሙ ምልክት ዙሪያ የውጭኛው ምሕዋር ኤሌክትሮኖች በነጥብ ይቀመጣሉ። አሞኒየም የሚሉት አዮን አንድ ናይትሮጅን ከአራት ሃይድሮጅን ጋር ነው። ናይትሮጅን አምስት ኤሌክትሮን ያመጣል፣ ሃይድሮጅኖቹ አንድ አንድ፤ ዘጠኝ ይሆናል። አዮኑ ግን ትከሻው ላይ የመደመር ምልክት አለው። ኤሌክትሮን ራሱ ኔጋቲቭ ስለሆነ የመደመር ምልክት ማለት አንድ ኤሌክትሮን ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ ከዘጠኙ አንድ ይቀነስና ስምንት ይሆናል። ስምንቱ አራት ጥንድ፣ ለየሃይድሮጅኑ አንድ ጥንድ፤ ልክክ ይላል። ተማሪ ሁሉ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ የመደመር ምልክት ሲያይ ይደምራል። መምህራችን «እዚህ ጋ እንዳትወድቁ» እያለ ደጋግሞ ነግሮን ነበር።

እኔ ያንኑ ስሕተት ወስጄ ለውባለም ሰጠኋት።

ሰፌድ ላይ የራሷን የሽምብራ ቆሎ በተንሁና «መደመር ካየሽ ትጨምሪያለሽ፣ መቀነስ ካየሽ ትቀንሻለሽ» አልኋት። ዘጠኝ ፍሬ ቆጠረች፤ አንድ ጨመረች፤ አሥር። ስምንቱን በናይትሮጅኑና በሃይድሮጅኖቹ መካከል ጥንድ ጥንድ አድርጋ ደረደረች። ሁለት ፍሬ መዳፏ ላይ ቀረ።

«እነዚህስ የት ይቀመጡ?» አለችኝ።

«ናይትሮጅኑ ራስ ላይ አስቀምጫቸው።»

«በዙሪያው ከስምንት አይበልጥም ይሉን አልነበረም?»

«እሱ ለአቶም ነው፤ ለአዮን ይለያል።»

ሰፌዱን አየች። እኔን አየችኝ። ከዚያ «እንግዲያ አንች ካልሽ» ብላ ሁለቱን ፍሬ ራሱ ላይ አኖረቻቸው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእኔ እኮ ወለምታም አይደለም፤ አስቤበት ነው! ውባለም ስትጠይቀኝ መመለስ አልችልም ነበር? «ኧረ ተሳሳትሁ» ለማለት ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? አንድ ጊዜ ሰሌዳ ላይ ወጥታ ስትሳሳት ማየት ፈልጌ ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ፣ መምህሩ ፊት። ለራሴ ያልሁት ይህን ነበር።

እሷ ግን የያዘችውን ለብቻዋ መብላት አታውቅም። በማግስቱ ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ከባሕር ዛፉ ሥር ቡድኑን ሰብስባ እኔ ያስተማርኋትን አንድም ሳታጎድል ለሌሎቹ ሦስት ልጆች አስተማረች። እኔም እዚያው ነበርሁ። ቀና ብላ «እንዲህ አይደል ገኔ?» ስትለኝ ራሴን ነቀነቅሁ። እኔ ነኝ የነቀነቅሁት፤ ማንም አልገፋኝም።

ፈተናው መጣ። እኔ በትክክል ሠራሁ። እዩኝ እንግዲህ! ከዘጠኙ አንድ ቀንሼ ስምንት ነጥብ አስቀመጥሁ።

ወረቀቱ ሲመለስ መምህሩ ውባለምንና ሦስቱን ልጆች አስቆማቸው። «አራታችሁም አሥር ነጥብ? አራታችሁም ትርፉን ናይትሮጅን ራስ ላይ? ይህ ኩረጃ ካልሆነ ምንድን ነው?» አለ። ሌላው ተማሪ ሲሳሳት ትርፉን ሁሉም በየራሱ ቦታ ነው ያስቀመጠው፤ እነሱ ግን አንድ ዓይነት ስሕተት። ልጆቹ ወደ ውባለም ጠቆሙ፤ እሷ ናት የነገረችን አሉ። መምህሩ በፈተናው ጊዜ ማለታቸው መሰለው። አራቱንም ዜሮ ሰጣቸውና ውባለምን «ወላጅ ይዘሽ ነይ» አላት።

ማታ እያለቀሰች መጣች። «ገኔ፣ አንች እንዲያ አላልሽኝም?» አለችኝ። አያችሁ፣ እግዚአብሔር ሁለተኛ በር ከፍቶልኝ ነበር። እኔ ግን ካፈርሁ አይመልሰኝ ሆነብኝ። «እኔ እንዲያ አላልሁም፤ ገልብጠሽ ነው የያዝሽው። ልቅሶ ላይ ሰንብተሽ ልብሽ መች አብሮሽ ነበር?» አልኋት። አሰበች። አመነችኝ።

አባቷ መጡ፣ ጋቢያቸው ዝናብ እንደጠጣ። መምህራን ቢሮ በር ላይ ዱላቸውን አስደግፈው ቆሙ።

«መምህር፣ ልጄ ሰረቀች ነው የሚሉኝ?»

«ኮርጃለች፣ ለሌሎችም ሰጥታለች ነው የምንለው አባቴ። ተቀጥታ ትማራለች።»

«እኛ ዘንድ ያው ነው» አሉ። «ማነው ያስተማረሽ?» ብለው ወደ ልጃቸው ዞሩ።

ውባለም አየችኝ። በሩ አጠገብ ነበርሁ። «ማንም አይደለም አባዬ። እኔ ነኝ ገልብጬ የያዝሁት» አለች።

በዚያው ቀን ከትምህርቷ አስወጥተው ይዘዋት ሄዱ። ጓዟን እስከ መናኸሪያ ድረስ አንዱን ጫፍ ይዤ የተሸከምሁላት እኔ ነኝ። የተረፈውን ቆሎ በላስቲክ ቋጥራ ሰጠችኝ። «አንች ብይው፣ ለእኔ መንገድ ነው» አለችኝ። ተቀበልሁ። በላሁትም፤ ምን አስዋሻችሁ። የቡድኑ መሪነት ተመለሰልኝ። አሥረኛን አለፍሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፣ መምህር ሆንሁ፤ ደግሞም የኬሚስትሪ! እሷ ተዳረች አሉ። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም። ለምን እንዳልጠየቅሁ ታውቃላችሁ።

በየዓመቱ እዚያ ትምህርት ላይ ስደርስ ጥሩ አድርጌ አስተምረዋለሁ፣ ከሌላው ሁሉ አስበልጬ። ተማሪዎቼ አይስቱትም። ይህን እንደ ንስሐ ቆጥሬው ነበር። ምን ዓይነት ንስሐ ነው፣ የተበደለችዋ የማታውቀው?

ባለፈው መስከረም ምዝገባ ላይ አንዲት ሴት ልጇን ይዛ ገባች። ድምፅዋን ሰምቼ ነው ያወቅኋት። «ገኔ!» ብላ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። ቡሬ ነው ለካ የምትኖረው፤ ባሏ ወፍጮ ቤት አለው። ልጇ ትዕግሥት ዘጠነኛ ክፍል ልትገባ ነው። ውባለም ልጅቷን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «ይችው እንግዲህ፣ ገኔ ያልሁሽ ይች ናት። እሷ ደህና አድርጋ ነግራኝ ነበር፤ እኔ ገልብጬ ይዤ የሰው ልጆችን ጭምር ገደል ከተትሁ» ብላ ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ቀነስ አድርጋ፣ «አንድ ቀን ደብተሯን ገልጬ አስጠንቻት አላውቅም። ይገለበጥብኛላ! አበላሻታለሁ ብዬ እፈራለሁ። እንኳን አንች አለሽላት» አለችኝ።

«አይዞሽ» አልኋት። እኔ! አይዞሽ አልኋት!

እኔ የመሰለኝ ያሳጣኋት ትምህርቷን ብቻ ነበር። ለካ ራሷን እንዳታምን አድርጌ ነው የለቀቅኋት። ያቺ ከመምህሩ አፍ የምትለቅም ልጅ የገዛ ልጇን ደብተር ትፈራለች።

ከዚያም በኋላ ወራት ዝም አልሁ። ክፍል ውስጥ አሞኒየም ላይ ደረስን። ደወል ከተደወለ በኋላ ትዕግሥት ወደ እኔ መጣችና «ቲቸር፣ እማዬ የተሳሳተችው እዚህ ጋ ነው?» አለችኝ። ማሾፏ አልነበረም፣ አዝና ነው። «አዎ» አልኋት። አፌ ለምዶታል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ በቀጥታ ቤቷ ሄድሁ። ግቢዋ ውስጥ ልብስ ታጥባለች። ቁጭ በይ፣ ቤት ያፈራውን ቅመሽ ስትለኝ አልተቀመጥሁም፣ ከተቀመጥሁ እንደማልናገረው አውቃለሁ። «ውባለም፣ አልገለበጥሽውም። እንደነገርሁሽ ነው የያዝሽው። አውቄ ነው ያሳሳትሁሽ፣ ቀንቼብሽ» አልኋት።

እጇ ሳፋው ውስጥ እንዳለ ቀረ። እንድትጮህብኝ ጠበቅሁ። እንድትመታኝም ጠብቄ ነበር፣ እንዲያውም ፈልጌ ነበር።

«ትርፍ መሆናቸውን አውቄ ነበር እኮ» አለች፣ ለራሷ እንደምትናገር ሁሉ። «ሁለቱን ፍሬ። መዳፌ ላይ ይዣቸው፣ ቦታ እንደሌላቸው ታይቶኝ ነበር። ያስቀመጥኋቸው ያልሽው አንች ስለሆንሽ ነው።» እጇን ከሳፋው አወጣችና፣ «አባቴ እኮ ሌባ ነሽ እንዳለኝ ነው የሞተ» አለች።

ምን እላለሁ? ልጅ ነበርሁ ልበል? እሷም ልጅ ነበረች። ሰይጣን አሳሳተኝ ልበል? ሰይጣን ኬሚስትሪ አያውቅም፤ የማውቀው እኔ ነበርሁ። ይቅር በይኝ ማለት እንኳ ያን ሰዓት ሌላ ነገር ቀምቶ መሄድ መሰለኝና አላልሁትም። እናንተንም ይቅር በሉኝ አልላችሁም። የበደልሁት እናንተን አይደለም።

ውባለም እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ትዕግሥት! ደብተርሽን አምጭው እስቲ» ብላ ወደ ቤት ተጣራች። ከዚያ በኋላ ወደ እኔ አልዞረችም።

በእኛ አገር የጠላት እንግዳ እንኳ እስከ በር ይሸኛል። እኔን ማንም አልሸኘኝም። በሩን ራሴ ከፍቼ ወጣሁ። አጥሩ ጥግ ላይ ስደርስ ድምፅዋ መጣ፣ ቀስ ብሎ፣ ጣቷን እያስኬደች እንደምታነብ ሰው።

«አምስትና አራት ዘጠኝ። ይህ ምልክት አንዱ ሄዷል ማለት ነው። ስለዚህ እንቀንሳለን፤ ስምንት።»

ቆሜ ሰማኋት። አልተገለበጠባትም።