የጋሽ ለገሰ ዓይን

ይህንን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ልነግራቸው ሄጄ፣ ሁለቴም ጾም መሻሬን ተናዝዤ ተመለስኩ። በሌሊት ወፍ ጥርስ ምክንያት የተሠራ ኀጢአት ከየት ተጀምሮ ይነገራል? አባ "ልጄ፣ አንቺንና የሌሊት ወፍን ምን አገናኛችሁ?" ቢሉኝ እስቅ ነበር፤ በሳቁ አሳብቤም አልፈው ነበር። ስለዚህ ለእናንተ እጽፈዋለሁ። እናንተ ፊቴን አታዩትም፤ ለፈሪ ሰው ይህ ይመቻል። ነገር ከሥሩ፣ ውሃ ከጥሩ ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ቶሮንቶ ውስጥ፣ የደረቁ እንስሳት ለጥናት በመሳቢያ በሚቀመጡበት አንድ ቤት እሠራለሁ። ስሙን አልጠራም፤ ጥፋቱ የኔ እንጂ የቤቱ አይደለም። ሥራዬ ዘረመል ነው፤ ከእንስሳው ከተወሰደች ቁራጭ ሥጋ ዲ ኤን ኤ አወጣለሁ፣ ማሽኑም እንስሳው የማን ዘመድ እንደሆነ ይናገራል። እዚያ ያስገቡኝ ጋሽ ለገሰ ናቸው። አገር ቤት የባዮሎጂ አስተማሪ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ተሰደው መጡ፣ ብዙ ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ፣ በእረፍት ቀናቸው ደግሞ በነፃ እየመጡ መሳቢያ ሲያጸዱ ቆይተው በመጨረሻ የሌሊት ወፎቹን ክፍል ቁልፍ ተረከቡ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ አንድ የሐበሻ ሱቅ ውስጥ ወረፋ ስንጠብቅ ተዋወቅን። ምን እንደተማርኩ ጠየቁኝ፣ ነገርኳቸው። በሳምንቱ ደውለው "ሲቪሽን ይዘሽ ነይ" አሉኝ። ያኔ እኔ ዲግሪዬን ሻንጣ ውስጥ አስቀምጬ ሆቴል አልጋ አነጥፍ ነበር።

በክፍላቸው ያሉት የደቡብና የመካከለኛው አሜሪካ የሌሊት ወፎች ናቸው፤ አፍንጫቸው ላይ ቅጠል የመሰለች ሥጋ ቀጥ ብላ የቆመችላቸው። ጋሽ ለገሰ ስለነሱ ሲያወሩ ስለ ገዛ ዘመዶቻቸው የሚያወሩ ይመስሉ ነበር። "አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ ግን በአንድ ገበታ አይቀርቡም" ይሉኝ ነበር። አንዷ ፍሬ ትበላለች፣ አንዷ የአበባ ማር ትልሳለች፣ አንዷ እንቁራሪት ከኩሬ ታነሳለች፣ አንዷ ከከብት ደም ትጠጣለች። ደም የምትጠጣዋ ደግሞ ጎረቤቷ ተርባ ስትመለስ ከሆዷ አውጥታ ታካፍላታለች። "ከኛ ማኅበር ይሻላሉ" ብለው ይስቁ ነበር። እኔም እስቅ ነበር። ያካፈሉኝ እሳቸው መሆናቸውን ያኔ አላሰብኩትም።

አንድ የሚፈሩት ነገር ነበራቸው። ታላቅ ወንድማቸው የልጆቹን ስም ረስቶ፣ በመጨረሻም የራሱን ረስቶ ነው የሞተው። "እኔን እንዲያ ከሚያደርገኝ ዛሬውኑ ይውሰደኝ" ሲሉ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ። ይህን እንደማውቅ አስታውሱልኝ። ሳላውቅ ያደረግሁት አይደለም።

ከስድስት ዓመት በፊት ስምንት የሌሊት ወፎች መጡልን። ጭራቸው አጭር፣ የቁንዶ በርበሬ ዘመድ የሆነ የጫካ ዛፍ ፍሬ የሚበሉ፣ በተመነጠረ መሬት ላይ ዘሩን እየጣሉ ጫካውን መልሰው የሚያበቅሉ ናቸው። ሁለት ዓይነት አሉ፣ ትልቋና ትንሿ፤ ነገር ግን በመጠን ስለሚቀራረቡ ያላወቀ ሰው አይለያቸውም። ጋሽ ለገሰ በአጉሊ መነጽር የታችኛውን መንጋጋ ጥርስ አዩ፣ የክንዱን ጠጉር አዩ፣ ሦስት ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ ትንሿ ናቸው፣ የቀሩት ስድስቱ ትልቋ ብለው በየትንንሹ ወረቀት ጽፈው በየእግራቸው አሰሩ። ከስምንቱም ቁራጭ ሥጋ ለኔ ተሰጠኝ።

እኔ የምሠራባቸው ብልቃጦች ጥፍር የሚያካክሉ፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ስምንት ሆነው የተያያዙ ናቸው። የመጀመሪያው ጫፍ ላይ ቀይ ነጥብ ማድረግ ግዴታ ነው። እኔ አላደረግሁም። እናቴን በስፖንሰር ላመጣ ፋይል አስገብቼ ነበርና በዚያው ሰዓት ከአዲስ አበባ ስለ ሕክምና ምርመራው ደወለችልኝ፤ ኮሪደር ወጥቼ አወራኋት። ስመለስ ማበጠሪያውን በየትኛው ጫፍ እንዳነሳሁት አላስተዋልኩም። ገልብጬው ኖሯል። የመጀመሪያዋ ስምንተኛ፣ ሁለተኛዋ ሰባተኛ፣ ሦስተኛዋ ስድስተኛ ሆኑ። ይህ ስህተት ነው። ስህተት በማንም እጅ ይገኛል፤ የምናዘዘው ይህን አይደለም።

ውጤቱ መጣ። ማሽኑ ስድስተኛዋና ሰባተኛዋ ናቸው ትንሿ አለ። ጋሽ ለገሰ ከስምንት አራቱን ስተዋል ማለት ነው። ኃላፊያችን ደግ ካናዳዊት ናት፤ በስብሰባው ላይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ምናልባት የቀደሙትንም መሳቢያዎች በዲ ኤን ኤ ብናጣራቸው አለች። የሃያ ዓመት ሥራቸውን ማለቷ ነበር። እንዲያጣራ የታዘዘው ማን ነው? እኔ። ጋሽ ለገሰ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ጥፍራቸውን ያዩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ እሠራበት ወደነበረው ጠረጴዛ መጡ። ክፍሉ ውስጥ ሌላ ሰው ነበር፤ እሱ እስኪወጣ ቆመው ጠበቁ። የአገሬን ልጅ በፈረንጅ ፊት አላሳጣም ብለው ነው፤ ይህ ዛሬም እንደ እሾህ ይወጋኛል። "መቅደስ፣ ልጄ፣ አንዴ ደግመሽ ብታዪው? ልሳሳት እችላለሁ። ግን ጥርሷን በዓይኔ አይቼዋለሁ።"

"ሁለቴ ቼክ አድርጌዋለሁ ጋሼ፤ ሪዛልቱ ያው ነው።"

አንዴም አልደገምኩትም ነበር። ለምን ዋሸሁ? ኮንትራቴ የሚታደስበት ወር ስለነበር ነው? የእናቴ ፋይል በደመወዜ ላይ የቆመ ስለነበር ነው? ይህን ሁሉ ለራሴ ብያለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፤ በዚያች ደቂቃ ስለ እናቴ አላሰብኩም። ሥራዬን ተጠራጠሩት፣ ደፈሩኝ ብዬ ነው የመለስኩት። አልጋ ከማንጠፍ ያወጡኝን ሰው ደፈሩኝ አልኩ።

"እንግዲህ ዓይኔ ነዋ" አሉና ሄዱ።

አላስችል ሲለኝ በሦስተኛው ቀን፣ ሁሉም ምሳ በወጣበት፣ ያከራከሩንን የአራቱን ሥጋ አውጥቼ እንደገና ሠራሁት። ቀዩን ነጥብ አደረግሁ። ውጤቱ ሲመጣ ጋሽ ለገሰ ልክ ነበሩ። በአራቱም ልክ ነበሩ። ያለ ማሽን፣ በሰባ ዓመት ዓይናቸው ለይተዋቸው ነበር። ፋይሉን ለረጅም ጊዜ አየሁት። ከዚያ አጠፋሁት። የምናዘዘው ይህን ነው። እኔ አጠፋሁት፣ በጣቴ፣ እያወቅሁ።

በኛ ሥራ የድሮ መለያ ወረቀት አይጣልም። የተሳሳተ እንኳ ቢሆን አዲሱ በላዩ ይታሰራል፤ ማን ምን ብሎ እንደነበር እንዲታወቅ ነው። ጋሽ ለገሰ አራት አዳዲስ ወረቀት አዘጋጁ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ስህተቴን ራሴ ላርም ብለው ነው። እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ትክክለኛውን ስም በተሳሳተው ሲሸፍኑት አየሁ። ስማቸውን ከሥሩ ሲጽፉ አየሁ። ክሩን ሲቋጥሩ "ያዢልኝ" አሉኝ። ያዝኩላቸው።

ሰው ለዚህ የሚበቃ ይመስላችኋል? እኔም አይመስለኝም ነበር።

ብሉር ጎዳና ላይ ዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ሲመለሱ ወንበር ስበው ተቀመጡና "ዓይንህ ምንም የለውም አለኝ። እንግዲህ የሄደው ጭንቅላቴ ነው" አሉኝ። ወንድማቸውን እያሰቡ እንደሆነ ገባኝ። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃ ነበር፤ "ጋሼ፣ እኔ ነኝ" ማለት። ምላሴ ላይ ነበረ። ሻይ ላምጣልዎት አልኩ። በዚያው ወር ቁልፉን ለኃላፊያችን አስረክበው ወጡ፤ አጉሊ መነጽራቸውን ለኔ ሰጡኝ። ከራስ በላይ ነፋስ የሚለው ተረት ለኔ የተተረተ ነው።

የቀደሙትን መሳቢያዎች አጣራሁ። በጥንቃቄ፣ ሁሉንም በቀይ ነጥብ። አንድም ስህተት አላገኘሁባቸውም። ይህን ለኃላፊያችን ስነግራት "ያሳዝናል፤ እንግዲህ ሕመሙ በቅርብ የጀመራቸው ነው" አለች። ወደ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ንጽሕናቸውን ያሳይልኛል ያልኩት ነገር ሁሉ መልሶ እሳቸው ላይ ወደቀ።

ክሬሰንት ታውን በሚባለው ሰፈር፣ ከልጃቸው ከሊዲያ ጋር ይኖሩ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ፓፓያ ይዤ እሄዳለሁ። ለመጠየቅ ነበር የምሄደው ወይስ አውቀውብኝ እንደሆነ ለመሰለል? ሁለቱንም። በየጊዜው በራሳቸው መተማመናቸው እያነሰ ሲሄድ አየሁ። ሳብዌይ ብቻቸውን መግባት ተዉ፣ እጠፋለሁ ብለው። ምድጃ መንካት ተዉ። ቤተ ክርስቲያን ዳዊት ማንበብ ተዉ፣ መስመር እዘላለሁ ብለው። እንግዳ ሲመጣ በእጃቸው ያመለክቱኛል፦ "ስህተቴን በጊዜ ያገኘችልኝ እሷ ናት። ባታገኘው የስንቱን ስም አበላሽቼ እሞት ነበር።" እንግዶቹ ይመርቁኛል። አሜን እላለሁ። ከዚያ አሜን በኋላ ምን ይቀረኛል?

ባለፈው ክረምት ልባቸው ቆሞ ሞቱ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ እውነት የጠራው ከቀብር በኋላ ነው። በአርባቸው ቀን ሊዲያ ሰሃን ሳጥብ አጠገቤ ቆመች። "አባዬ እኮ የሜሞሪ ቴስቱን ሁሉ ፓስ አድርጎ ነበር" አለችኝ። "ዶክተሩ ኤቭሪቲንግ ኢዝ ኖርማል አለው። ትረስት አላደረገውም። መድኃኒቱን ስሰጠው፣ ሜይል ሲመጣ፣ ኤኒቲንግ፣ 'ለመቅደስ አሳዪያት፣ እሷ አትሳሳትም' ይለኛል።"

ሰሃኑን አጥቤ ጨረስኩ። ሰኞ ዕለት መሳቢያውን ከፈትኩ። አራቱ እንዳሉ ናቸው፤ ከሥር የጋሽ ለገሰ ትክክለኛ ወረቀት፣ ከላይ የጋሽ ለገሰ የተሳሳተ ወረቀት፣ ሁለቱም በዚያው ቀጥ ባለ የእጅ ጽሑፍ። ለኃላፊያችን ሁሉንም ነገርኳት። የምታደርገውን ታድርግ፤ እየጠበቅሁ ነው። ይህን የጻፍኩትንም ቅዳሜ ለሊዲያ እሰጣታለሁ። እሷ ይቅር ብትለኝ ስለ ራሷ ነው፤ ስለ አባቷ ይቅር የሚለኝ ሰው አሁን የለም። እናቴ መጣች ወይ ብላችሁ ታስቡ ይሆናል። መጥታለች፤ አብራኝ ትኖራለች። ይህን ለማመካኛ አትውሰዱልኝ።

ለኃላፊያችን በነገርኳት ዕለት በአራቱም ላይ ሦስተኛ ወረቀት አሰርኩ። የመጀመሪያው ልክ ነው፣ ናሙናውን ያገላበጥኩት እኔ ነኝ፣ ዝም ያልኩትም እኔ ነኝ ብዬ ስሜን ጻፍኩ። ወረቀቷ ከአውራ ጣት አትበልጥም፤ አንድ ቃል ሲቀረኝ ቦታው አለቀ። እንዲሁ ልተወው አሰብኩ፤ ማን ያየዋል? አሰብኩ፣ አዎ፣ ያን ጊዜም። ከዚያ እያንዳንዷን ገልብጬ በጀርባዋ ጻፍኩት፦ እያወቅሁ።