አባባ ቀድሞ የሰፋቸው ቀሚሶች

አባባ ልብስ ሰፊ ነበር። እኔ ስወለድ ስልሳን ተሻግሯል። የስፌት መኪናው ኳኳታ ዛሬም ከየትም ብሰማው እንቅልፍ እንቅልፍ ይለኛል፤ ያደግሁት ከጠረጴዛው ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተኝቼ ነው።

ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኝ፣ «ሽማግሌው፣ ልጅህ ነች የልጅ ልጅህ?» እያለ ይተርበዋል።

«ተው አንተ፣ ቅናት ያስረጃል!»

ስወለድ ግራ እጄ ከቀኙ አጠር ያለ ነበር። እናቴ እንደነገረችኝ አባባ ጥፋቱን ራሱ ላይ ጫነው። ሐኪሟን፣ «በኔ እርጅና ነው አይደል?» ብሎ ጠየቃት።

«አባባ፣ የወንድ ዕድሜ ሲገፋ ለልጅ የሚያስተላልፈው ዘር ሲገለበጥ ጥቃቅን ስህተት ይበዛል። አብዛኛው ጉዳት የለውም። የእሷ እጅ ከዚያ ይምጣ አይምጣ ግን አላውቅም።»

«ገባኝ፣ የኔ ልጅ። እኛም ልብስ የምንቆርጥበትን የካርቶን ልክ ከሌላ ልክ ላይ ስንገለብጥ እርሳሱ ትንሽ ትንሽ ይሸሻል። ዕድሜዋስ ያጥር ይሆን?»

«እሱን ማንም ከወዲሁ አይናገርም።»

ከዚያ ደግሞ የራሱን ዕድሜ አስቦ፣ ሳታድግ ጥያት ልሄድ ነው ብሎ ፈራ። ጨርቅ በተረፈው ቁጥር ለወደፊቱ ዕድሜዬ ቀሚስ ይሰፋ ጀመር፤ ሁሉም ግራ እጅጌያቸው አጠር ያለ።

«ሰውዬ፣ ልጅቷ ገና ጡት አልጣለችም!» ትለዋለች እናቴ።

«እኔ ባልኖር ራቁቷን ትሂድ?»

እኔ ግን እንደ መቃ ተመዘዝኩ። ለሰባት ዓመቴ የሰፋው በአምስት ዓመቴ ጠበበኝ። አብዛኞቹ ሳይለበሱ ሳጥን ውስጥ ቀሩ። አባባም አልሞተ! ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ እንደ አዲስ እየለካኝ፣ «ሞትስ ረስቶኛል፤ አንቺ ግን ጨርቅ ጨረስሽብኝ» ይላል። አሥራ ሁለተኛን ስጨርስ የምረቃ ቀሚሴን የሰፋው እሱ ነው። በዓመቱ አረፈ።

ሰሞኑን ሳጥኑን ከፍቼ አንዱን ቀሚስ ለልጄ አለበስኳት። ልክ የተሰፋላት ይመስል ነበር።

«እማዬ፣ ይሄኛው እጅጌ ለምን አጠረ?»

የእሷ እጆች እኩል ናቸው። እጅጌውን ገለበጥኩት። የተረፈ ጨርቅ ወደ ውስጥ ታጥፎ በስሱ ተሰፍቷል፤ በግራው ብቻ። ለካ አባባ ግራ እጄ አንድ ቀን ቀኙን ይደርሳል ብሎ ተስፋ አድርጎ ኖሯል።

ክሩን ፈትቼ ተኮስኩት። ልጄ እጆቿን ዘርግታ ተሽከረከረች፤ እጅጌዎቹ እኩል ሆኑ። የእጥፋቱ መስመር ብቻ አልጠፋ አለኝ። ይቆይ ብዬ ተውኩት።