ካፒቴኑ ያጠፋቸው አልጋዎች

አጎቴ በላውንደሪያችን ጠባብ ኮሪደር ሲያልፍ ትከሻውን ወደ ግድግዳው አስጠግቶ መንገድ ይለቃል። ለማን? ለማንም። ኮሪደሩ ውስጥ ከእሱና ከተሰቀሉት ካፖርቶች በቀር ምንም የለም። መጀመሪያ ሰሞን ጀርባውን አሞት መስሎኝ ነበር። ኋላ ግን «ይቅርታ፣ ይለፉ» ሲል ሰማሁትና ስተኩሰው የነበረውን ሸሚዝ እጀታ አቃጠልኩ።

የሰፈሩ ሰው ካፒቴን ይለዋል። ባሕር አይቶ አያውቅም፤ አውቶቡስ እንኳ ሲሳፈር ገና ሁለተኛው ፌርማታ ሳይደርስ ያጥወለውለዋል። ስሙ የወጣለት በሚሰበስባቸው ቡክሌቶች ነው። ሰው ውቅያኖስ በመርከብ ይሻገር በነበረበት ዘመን፣ የመርከብ ኩባንያዎች ለተሳፋሪዎቻቸው መታሰቢያ የሚሆን ቡክሌት ያድሉ ነበር። የምግብ አዳራሹ ሥዕል አለበት፣ የደረጃው፣ የመዋኛው፤ መጨረሻ ላይ ደግሞ መርከቡን በየወለሉ የሚያሳይ ታጣፊ ፕላን። የመጀመሪያውን ያገኘው ባለቤቱ ሳይወስደው በቀረ ካፖርት ኪስ ውስጥ ነው። ከዚያ ወዲያ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴዎች ሁሉ ደንበኛ ሆነ። ሚስቱ «የሰው ባል ሴት ይወዳል፣ የኔው መርከብ» እያለች ትስቅበት ነበር።

ችግሩ፣ አጎቴ እድፍ አይቶ ማለፍ አይችልም። ዕድሜውን የፈጀው የሰው እድፍ ሲያስለቅቅ ነው፤ ቀብር ላይ ቆሞ እንኳ ዓይኑ የሚያርፈው ያጠገቡ ሰው ክራቫት ላይ ነው። አዲስ ቡክሌት በገባ ቁጥር የዳቦ ለስላሳ ውስጡን አንከባሎ ገጾቹን ያሽበታል፣ የቀረውን በላጲስ ይጨርሳል፣ ከዚያ ነጭ ጨርቅ ደርቦ ለብ ባለ ካውያ ይተኩሰዋል። ፕላኖቹ ላይ አልፎ አልፎ ትንሽ የእርሳስ ነጥብ ያጋጥመው ነበር። ልጅ የጫረው ነው ብሎ ያጠፋዋል።

ከፊት ለፊታችን ጡረታ የወጡ አዋላጅ ይኖራሉ። የሰፈሩን ግማሽ ያዋለዱት እሳቸው ናቸው፣ አጎቴንም ጭምር፤ ስለዚህ እሳቸው ፊት ካፒቴንነቱ አይሠራም። አንድ ቀን ብርድ ልብስ ሊያሳጥቡ መጥተው ስለ ቡክሌቶቹ ሰሙና «እኔም ጋ አንድ አለ፤ የአባቴ ነው። አይተህ መልስልኝ» ብለው በፎጣ ጠቅልለው አመጡለት። አጎቴ በደስታ ምሳውን ረሳ። አይቶ ብቻ መመለስ ግን ጠባዩ አይደለም። ደስ ላሰኛቸው ብሎ አጸዳው፣ ተኮሰው፣ አዲስ አስመስሎ ወሰደላቸው። እኔም አብሬው ሄድኩ።

አሮጊቷ ፕላኑን ዘርግተው ጣታቸውን ከታችኛው ወለል ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶታል፣ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ጣታቸው ሄደ፣ ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ።

«የት አደረግኸው?» አሉ።

«ምኑን እማማ?»

«አባቴን።»

አባታቸው ሥራ ፍለጋ ባሕር ሲሻገሩ እሳቸው ገና ዳዴ ይሉ ነበር። አባትየው ሊሳፈሩ ሲሉ ቡክሌቱን ከወደቡ ላኩት፤ የሚተኙባትን ቦታ በእርሳስ ጫን አድርገው ነጥበውባታል። ከዚያ ወዲህ ድምፃቸው ጠፋ። እናታቸው ማታ ማታ የልጃቸውን ጣት ይዘው ጎድጎድ ያለችውን ነጥብ እያስነኩ «አባትሽ እዚህ ነው፤ ደህና እደር በዪው» ይሏቸው ነበር። አዋላጇም እስካረጁ ድረስ ይህን አልተዉም። ነጥቧን ላጲሱ ወሰዳት፤ ጉድጓዷን ካውያው ደፈናት።

«ላስተካክለዋ» አለ አጎቴ፣ ላብ በላብ ሆኖ። «ታች አይደል የነበረው?»

«ታችማ ታች ነው። ክፍሉ እንደ ንብ ቀፎ ነው፤ የቱ ጋ? የሌላ ሰው አልጋ ላይ ላስተኛው?»

አልጮሁበትም። ቢጮሁበት ይሻለው ነበር።

ቤታችን በሰው የሞላው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። አጎቴ ቡክሌቶቹን ሁሉ አውጥቶ ፕላን በፕላን ሲያገላብጥ ዋለ። ሁሉም ንጹሕ ናቸው፣ ራሱ እንዳጸዳቸው። ከየትኛው ምን ያህል ነጥብ እንዳጠፋ አያስታውስም።

«አልጋቸው የጠፋባቸው ሰዎች ናቸው» አለኝ፣ ኮሪደሩን በዓይኑ እያመለከተ። «ሻንጣ ይዘው በር በሩን ያያሉ።»

«ጋሼ፣ እንፋሎቱ ነው» አልኩት።

«እንፋሎት እንዲህ አይራመድም።»

ሳቅኩበት። ግን ኮሪደሩን ብቻዬን ሳልፍ እኔም አሁን በጎኔ ነው የማልፈው። እፈራለሁ፣ ምን ልዋሽ። የተሰቀሉት ካፖርቶች ሰው ታክኳቸው ያለፈ ይመስል ተራ በተራ ሲወዛወዙ አይቻለሁ፤ በሩም መስኮቱም ዝግ ነበር።

ዝናቡ ያባራ ሰሞን አሮጊቷ ራሳቸው መጡ። ከስተዋል። ቡክሌቱን አጎቴ ፊት አኖሩት።

«እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ የትም ተንከራቶ ሊቀር ነው ወይ እያልኩ» አሉ። «አንተ መርከብ ታውቃለህ። ቦታው ከጠፋ አይቀር ጥሩ ቦታ ስጠው። ላይ፣ መስኮት ያለበት።»

አጎቴ እርሳስ ቀረጸ። ከላይኛው ወለል አንድ ክፍል መርጦ ወረቀቱ እስኪጎደጉድ ተጫነው። ጣታቸውን ይዞ አስነካቸው። ፊታቸው ፈታ አለ። የእሱም ፊት ሲፈታ ሳይ ከስንት ጊዜ በኋላ እፎይ አልኩ።

«መስኮት አለው?»

«ሁለት አለው እማማ፤ ቀጥታ ባሕሩን ነው የሚያየው። ወንበሩ ቆዳ ነው።» ቡክሌቱን በቃሉ ያውቀዋል፤ ደስታው ደግሞ አፉን ከፈተለት። «ራስጌው ላይ መብራት አለ። ከመስኮቱ ሥር መጻፊያ ጠረጴዛ አለ። ወረቀቱንም ፖስታውንም ኩባንያው በነፃ ነው የሚያስቀምጥለት፤ የጻፈውን አስተናጋጁ መጥቶ ይወስድለታል።»

የአሮጊቷ ጣት ነጥቧ ላይ ቀረ።

«ታች ጨለማ ስለሆነ ነው፣ መብራት አጥቶ ነው፣ ትል ነበር እናቴ» አሉ ቀስ ብለው። «እንደዚያ እያለች ነው የሞተችው።»

አጎቴ አፉን በእጁ ያዘ።

«ይህ ሁሉ ካለው ታዲያ፣ ለምን አልጻፈልንም?»