ደሴ ላይ የፈጠነው ድምፅ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የሰፈሬ ሰው ቴፑ ሲበላሽበት ወደ እኔ ያመጣል። ባለፈው ሳምንት ጎረቤቴ ወይዘሮ አልማዝ የሟች ባለቤታቸውን ቴፕ ይዘው መጡ። ከፍቼ ሳየው ከሞተሩ ወደ መዘውሩ የምትዞረው ቀጭን የጎማ ቀበቶ ቀልጣ እንደ ሬንጅ ሆናለች። ጠራርጌ አዲስ ጎማ አስገባሁና ለሙከራ ከመሳቢያዬ አንድ የሙዚቃ ካሴት አወጣሁ።

«እሱ በዚሁ ቴፕ የቀዳው ካሴት ይኸውና አለ፤ ለምን በሱ አይሞክሩትም?» አሉኝ።

«ቴፕ ራሱ የቀዳውን ራሱ ሲያጫውት ሕመሙ አይታወቅም። ዝግ ብሎ ቀድቶ ዝግ ብሎ ያሰማል፤ ለጆሮ ትክክል ነው። የሚጋለጠው ሌላ ማሽን ላይ ነው» አልኳቸው።

ይህን የተማርኩት መካነ ሰላም ባስጠገንኩት ቴፕ ነው።

ንጉሡ ከወረዱ በኋላ በነበረው በጋ ደሴ ውስጥ የምሠራ ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበርኩ። የወሎ ረሃብ መደበቁ ቀርቶ እህል በመኪና መግባት ጀምሯል። እህሉ ቀድሞ ወዴት እንደሚሄድ የሚወስን ኮሚቴም ደሴ ተቀምጧል። ከመካነ ሰላም ወደ ዓባይ በሚወርደው ቆላ ግን «ችግር የለም» የሚል ሪፖርት ስለደረሰ ለዚያ የተመደበ መኪና አልነበረም። አለቃዬ ትንሽ ቴፕ ሰጠኝና «ሂድ፣ ከራሳቸው አፍ አምጣልኝ» አለኝ።

በጭነት መኪና ላይ ሆኜ ሄድኩ። ጉጉፍቱ ላይ ውርጩ ጆሮ ይቆርጣል፤ ከአቀስታ ወዲያ ደግሞ የያዝኩት በሶ ሳይቀር አቧራ አቧራ ይለኝ ጀመር። በመንገዱ ዳር ሰዎች ወደ ላይ ይጓዛሉ። መኪና ሲያልፍ እጅ የሚያነሳ አልነበረም። ከፊታቸው ይልቅ ያስደነገጠኝ ይኸው ነው፤ አሳፍሩን የማይል መንገደኛ ከዚያ በፊት አላየሁም።

መካነ ሰላም ስደርስ ቴፑ የካሴቱን ክር ይበላ ጀመር። ገበያው ጥግ ራዲዮና የልብስ ስፌት መኪና የሚጠግን ሙሄ የሚባል ሰው አለ ብለው ወሰዱኝ። ክዳኑን እንደከፈተ ሳቀ።

«አቦ፣ ይሄማ የመንገዱን አፈር ሁሉ ቅሞታል!»

ክሩን የሚስበው ትንሽ ጎማ በአቧራ ተለውሶ ያጣብቃል፤ ቀበቶውም ረግቦ ይንሸራተታል። ማጽጃ ስላልነበረ ሙሄ ከጎረቤት አረቄ አስመጣ። ጠርሙሱን ግን አልነካም።

«ያዝ ወንድሜ፣ አንተው ጥረገው።»

«መጠጣት እኮ አይደለም።»

«ሽታው እስከ ቤቴ ቢከተለኝ ለሚስቴ መጥተህ ታስረዳልኛለህ?»

እኔ ጠረግኩ፤ እሱ ከብስክሌት ጎማ ላይ በምላጭ ቀጭን ቀለበት ቆርጦ ቀበቶ አበጀ። ከፋብሪካው ቀበቶ ወፈር ያለች ነበረች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብዬ ቀዳሁና መልሼ አጫወትኩት። ድምፄ ራሱ ነው።

«ማሻ አላህ! አሁን ሰው ሆነ» አለ ሙሄ።

ወፍራሟ ጎማ ሞተሩን ጨምድዳ ይዛ ዝግ እንዳደረገችው ሁለታችንም አላወቅንም። ሌላ ቦታ የተቀዳ ካሴት ቢገባበት እዚያው ይታወቅ ነበር። የኔ ካሴቶች ባዶ ነበሩ፤ ሙሄ ደግሞ ካሴት ለመጀመሪያ ጊዜ በእጁ የያዘው ያን ቀን ነው።

አባ ይመርን ያገኘኋቸው ከቆላ የወጡት ሰዎች በሰፈሩበት ሜዳ ነው። ሳይሸመግሉ ያረጁ ሰው ናቸው። በድርቁ ዓመት ባለመሬቱ ለዘር ያስቀመጡትን ሳይቀር ወስዶባቸዋል። ሚስታቸውንና ወንዶች ልጆቻቸውን ቀብረው ትንሿን ዘሃራን ብቻ ይዘው ወጥተዋል። ልጅቱ ጭናቸው ላይ ተኝታ ቴፑን በዓይኗ ትከተላለች።

«ይሄ ነገር ደሴ ሄዶ ይናገራል?»

«ይናገራል አባባ።»

«እንግዲያ ቀስ ብዬ ልናገር። ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ በደንብ ይግባቸው።»

ቀስ ብለው ተናገሩ። ሰው አልቆባቸው የተዘጉትን ቤቶች በባለቤቶቻቸው ስም ጠሩ። አላለቀሱም። መጨረሻ ላይ «ለሞተው አልለምንም። እህሉን ይቺ ልጅ ሳለች አድርሱልኝ» አሉና በእጃቸው በቃኝ የሚል ምልክት ሰጡኝ።

ደሴ ስመለስ ኮሚቴው አዳራሽ ውስጥ ጥሩ ድምፅ ማጉያ ያለው ትልቅ ቴፕ ነበር። ሁሉም እንዲሰማ ካሴቱን እዚያ ላይ አስገቡት። የወጣው ድምፅ ቀጭን፣ ጥድፍድፍ ያለ፣ የአሻንጉሊት ጩኸት የመሰለ ነበር። አንዱ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ።

«እንዲህ የሚለፈልፍ ሰው ነው የተራበው?» አሉ ሰብሳቢው ዓይናቸውን እየጠረጉ።

ተነሳሁ። «ጥፋቱ የኔው ማሽን ነው፤ ዝግ ብሎ ነው የቀዳው። የተቀዳበትን ቴፕ ላምጣና በዚያ ስሙት» አልኩ።

«ጋዜጠኛው፣ የቸገረን መኪና ነው፤ ቴፕማ ሞልቶናል። ቀጥሉ፣ ወደሚቀጥለው አጀንዳ።»

ካሴቱን ተቀብዬ ወጣሁ። ትንሿን ቴፕ ከቢሮዬ አምጥቼ ስመለስ በሩ ተዘግቷል። እዚያው በረንዳ ላይ ከፈትኩት። የአባ ይመር ድምፅ እንደነበረው ረጋ ብሎ ወጣ። የሰማው ዘበኛው ብቻ ነው። ቆብ አውልቆ እስከ መጨረሻው ቆመና «ይሄንን ነው የሚስቁበት የነበረው?» አለኝ።

መኪኖቹ ወደ ሌላ አቅጣጫ ተመደቡ። ለመካነ ሰላም እህል የተጫነው የበልግ ዝናብ ከጀመረ በኋላ ነው። ከእህሉ ጋር ወጣሁ። አባ ይመር ሙሄ ደጃፍ፣ ድንጋይ ላይ፣ ባዶ ስልቻ ይዘው ተቀምጠዋል። ጭናቸው ላይ ማንም የለም። ስለ ልጅቱ ሙሄን በዓይኔ ጠየቅኩት፤ ራሱን በአሉታ ነቀነቀ።

«ሰሙት?» አሉኝ አባ ይመር።

«አዎ አባባ፣ ሰሙት።»

ስልቻውን አጠገባቸው አኖሩ።

«እኔ እኮ እህሉ ሲዘገይ ድምፄ አልደረሰም ብዬ ነበር» አሉ። «ለካ ሰምተው ነው።»

ተነሱና ወደ ቆላው መንገድ አቀኑ።

«አባ ይመር! ስልቻዎትን! እህሉ እኮ መጥቷል!» ብሎ ሙሄ ተጣራ። አልዞሩም።

ከዚያ በኋላ ረጅም ዘመን በዘገባ ሥራ ኖርኩ። ብዙ የሞተ ሰው፣ ብዙ የሚዋሽ ባለሥልጣን አይቻለሁ። ከእውነት ፈቀቅ አለማለት ልማዴ ነው፤ በዚህም ተመስግኜበታለሁ። ለአባ ይመር የሰጠሁት መልስም በሙያዬ ሚዛን ስህተት የለበትም፤ ካሴቱ ተጫውቷል፣ ሰዎቹም ሰምተዋል። ዛሬ ቢሆን ግን «ቴፑ መንገድ ላይ ተሰበረ፣ ማንም አልሰማዎትም» እላቸው ነበር። ልጃቸውን ቀብረዋል። የሰሙት ሰዎች እንደሳቁ ባያውቁም፣ ሰምተው ዝም እንዳሉ ማወቅ አልነበረባቸውም።