እጅ የተነሳችው ኳስ

ኃይለ ሚካኤል ስሙን ያገኘው ቢቸና ነው፤ የተባረረውም ከዚያው። ተማሪ ሳለ በመረብ ኳስ የሚስተካከለው መቺ አልነበረም። ሲዘል ያየው ሰው መሬት የረሳችው ይመስለው ነበር። በመጨረሻው ዓመት፣ ለዋንጫ ሲጫወቱ፣ አንድ ፊታውራሪ ዘግይተው ሜዳው ዳር ደረሱ። ሰው ሁሉ ጎንበስ ብሎ እጅ ሲነሳ ኃይለ ሚካኤል አየር ላይ ነበር። ኳሷን መታት። ቢቸና ዋንጫውን ወሰደ፤ እሱ ግን ባለጌ ተብሎ ከቡድኑ ወጣ። ይቅርታ ጠይቆ እንዲመለስ ቢመከር አሻፈረኝ አለ። ዳግመኛ ለማንም እጅ እንደማይነሳ ምሎ ሞጣ ገባ፤ ስፖርት አስተማሪ ሆነ።

ንዴቱም አብሮት ሞጣ ገባ። ማለዳ ጤዛ ባዘለ ሣር ላይ ተማሪዎቹን ሲያንከባልል ቁጣው ገበያው ድረስ ይሰማል።

“ጋሼ፣ የሚቆጡት በእኛ ነው በሌላ ሰው?” አለው አንድ ቀን ገላው፤ የቄስ ልጅ ነው፣ ለመቺዎቹ ኳስ የሚያነሳውም እሱ ነው።

“አንተ ኳስህን አንሳ።”

ከዓመታት በኋላ ልጆቹን ይዞ ለውድድር ቢቸና ተመለሰ። ያሸነፈ ደብረ ማርቆስ ይሄዳል፤ ከልጆቹ አንዱም ደብረ ማርቆስን አይቶ አያውቅም። ሞጣ ቢቸናን ለማሸነፍ አንዲት ነጥብ ቀረችው። ኳሷ ከፍ ብላ በሞጣ በኩል ስትወርድ የፊታውራሪው ላንድሮቨር መጣ። ተመልካቹ ብድግ አለ። የሞጣ ልጆች፣ በደንብ ያደጉ ናቸውና፣ ስድስቱም ጎንበስ አሉ። ኳሷ መካከላቸው ዱብ አለች።

“አያችሁልኝ?” አለ አንድ የቢቸና ሰው። “ሞጣዎች ኳሷን እጅ ነሷት።”

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ኃይለ ሚካኤል ቃሉን ከልጅነቱ ጀምሮ ሰምቶታል፤ እጅ መንሳት እጅ መከልከልም መሆኑ የገባው ግን ገና አሁን ነው። ነደደ። ወደ ዳኛው ሄደ። ዳኛው አካለ ወልድ የድሮ የቡድን ጓደኛው ነው።

“ትደገም።”

“ፊሽካ አልነፋሁም። ጨዋታው አልቆመም።”

“አክብረው እኮ ነው የጣሏት።”

“እሱን ሄደህ ለእሳቸው ንገር። እኔ የልጆች አባት ነኝ።”

ኃይለ ሚካኤል ዞሮ ልጆቹን አየ። ገላው እንዳቀረቀረ ቀርቷል። መሐላውን ዋጠና ፊታውራሪው ወደ ተቀመጡበት ድንኳን ሄደ፤ ጎንበስ አለ። ወገቡ እንደ ዛገ ማጠፊያ ሲንቋቋ ለራሱ ተሰማው።

“አንተ ያ ዘላዩ አይደለህም?” አሉ ፊታውራሪው ፈገግ ብለው።

“ነኝ፣ ጌታዬ። ልጆቹ እርስዎን ሲያከብሩ ኳስ ወደቀችባቸው። ትደገምልን።”

“ምን መድገም ያስፈልጋል? ሞጣ አሸንፏል ብያለሁ።”

የሞጣ ልጆች ተቃቀፉ። የቢቸና ልጆች መሬት ላይ ተዘረፈጡ። ኃይለ ሚካኤል ከቅድሙ ይልቅ አሁን ተቃጠለ፤ ጨዋታ ለምኖ ምጽዋት ተወረወረለት።

“ጌታዬ፣ የለመንኩት ኳሷን ነው፤ ድሉን አይደለም።”

የፊታውራሪው ፈገግታ ጠፋ። “እንግዲያው ተጫወቱ። ብትሸነፍ ግን ደጄ እንዳትደርስ።”

ኳሷ ተደገመች። ሞጣ አጣት፤ ከእሷ በኋላ የመጡትንም አጣ። ደብረ ማርቆስ የሚሄደው ቢቸና ሆነ።

ወደ ሞጣ በሚመልሳቸው የጭነት መኪና ላይ ልጆቹ ጀርባቸውን ሰጡት።

“ፊታውራሪው ሰጥተውን ነበር እኮ” አለ ገላው በመጨረሻ። “እርስዎ ነዎት የመለሱባቸው።”

“ያቺ የተደገመችው ስትመጣ ጉልበትህን ለምን አላጠፍክም? ቆመህ ጠበቅካት።”

“ሁለተኛ ሜዳ አልመጣም።”

ኃይለ ሚካኤል የልጁን የተነፋፋ አፍንጫ፣ የጨበጠውን ቡጢ አየ።

“ነገ ትመጣለህ” አለው። “ተናደሃል እኮ።”