ወደ ውጭ የሚከፈት በር

እዚያ መንደር ያለ በር ሁሉ ወደ ውጭ ነው የሚከፈተው። የትምህርት ቤቱም፣ የክሊኒኩም፣ የወፍጮ ቤቱም። ሁሉም የአንድ ሰው፣ የአናጢው ሥራ ነው። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አንድ ቀን ዘው ብላ ገብታ ጮኸችበት፤ «ከስንት ዓመት በኋላ ልትጠይቀኝ የመጣች አክስቴን በርህ አፍንጫዋን አላት እኮ! ምን ነካህ አንተ ሰው?» እሱ እርሳሱን ከጆሮው ላይ እንኳ ሳያወርድ፣ «ሰው ሲደነግጥ ይገፋል እንጂ አይስብም» አላት። ሌላ መልስ ኖሮትም አያውቅ።

አንድ ልጅ ነበረችው። እናቷ በወሊድ ስለቀረች ሰጋቱራ ላይ እየዳኸች አደገች። አባቷ ወታደር እንደነበር የምታውቀው በትከሻው ጠባሳና በሃምሳ አለቃው ብቻ ነው። ሃምሳ አለቃው የጦር ሜዳ ጓደኛው ነው፤ ጉሮሮው የማይዘጋ፣ ሠርግም ለቅሶም ላይ ካላዘዝኩ የሚል ሽማግሌ። አባቷ አጠገብ ሲቀመጥ ግን እሱም ይዘጋል። ከሰዓቱን ሙሉ አንድ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብለው አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ይለያያሉ። «ዛሬ ደህና ተጫወትን» ይላል ሃምሳ አለቃው ሲነሳ።

አባቷ ጉልበቱን ለሰው አይሰስትም። ነፋስ የትምህርት ቤቱን ጣሪያ የገነጠለ ጊዜ፣ ሦስት ሳምንት እላዩ ላይ ከረመ፣ ያውም በነፃ። ለድሃ የሬሳ ሳጥን የሚሠራውም በነፃ ነው። ክዳኑን ሲገጥም ግን ሦስት ጊዜ ያንኳኳና ጆሮውን ይለጥፋል። አዲስ በር ሲሰቅልም እንዲሁ። ቤቱ ውስጥ ሆኖ በር ከተንኳኳ ደግሞ፣ ነፋስም ቢሆን፣ ማንኪያውን ጥሎ ነው የሚሮጠው። ልጆች በሳቅ ይፈርሳሉ፤ «ጋሽ ኳኳ» ብለው ስም ያወጡለትም እነሱ ናቸው። የራሱ ልጅም ትስቅ ነበር። አሁን ያ ሳቋ ትዝ ሲላት ታፍራለች።

የነገራት ሊሞት ሳምንት ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጥፍሩን ስትቆርጥለት ነው።

«የማረክናቸውን ሰዎች የእህል መጋዘን ውስጥ ከተትናቸው» አላት። «በሩ ቁልፍ አልነበረውም። አዛዡ ‹ከእናንተ ውስጥ አናጢ ማነው?› አለ። እጄን አወጣሁ። ልጄ፣ ደስ ብሎኝ እኮ ነው ያወጣሁት! ሳንቃ አጋድሜ መታሁበት። ጠዋት ከባድ መሣሪያ ይወርድብን ጀመር፤ መጋዘኑ ተያያዘ፤ እኛ ሽሹ ተባልን። አሥራ አንድ ሰው ነው። ሲያንኳኩ እሰማቸዋለሁ። መዶሻው እጄ ላይ ነበር። ሮጥኩ።» እጁን ከእጇ ነጠቀ። «ጥሩ አድርጌ ነበር የመታሁት። ሚስማሩ አልላላም።»

ከዚያ ሁለት ቃል አስገባት። ሳጥኑ ላይ ሚስማር እንዳታስመታ፤ የነገራትንም ለማንም እንዳትተነፍስ።

የቀብሩ ቀን ግቢው በሰው ጢም አለ። ሁሉም ለዚያ ደግ ሰው ያለቅሳል። ሃምሳ አለቃው ሚስማሮቹን በከንፈሩ ይዞ፣ የሟቹን መዶሻ አንስቶ ወደ ሳጥኑ ተጠጋ።

«አይመታም» አለች ልጅቷ።

«ምን አልሽ?»

«ሚስማር እንዳይመታብኝ ብሏል።»

«ኧረ ጉድ ነው! ክዳኑ መንገድ ላይ ወልቆ እናዋርደው? ሐዘኑ ነው የሚያናግራት፤ ያዟት እስቲ!» አለ በሚስማሮቹ መሃል። ሴቶቹ ትከሻዋን ያዟት።

መዶሻው ሲነሳ አየች። ዝም ካለች ምስጢሩ ይተርፋል፤ አባቷ ግን ተቸንክሮበት ይቀበራል። ከተናገረች ይሄ ሁሉ ያለቀሰለት ሰው ምን ሊለው ነው? ተናገረችው። መጋዘኑን፣ ሳንቃውን፣ እሳቱን፣ አሥራ አንዱን ሰዎች። ልቅሶው ቀጥ አለ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አፏን በእጇ ያዘች።

ሃምሳ አለቃው ሚስማሮቹን አንድ በአንድ ከአፉ አወጣ።

«ሰዎቹ አሥራ አንድ አይደሉም፤ አሥራ ሁለት ናቸው» አለ። «ቆጥሬ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ሳንቃውን የያዝኩለትም እኔ ነኝ።»

ገመድ አስመጣና ሳጥኑን ራሱ አሰረው፤ አላጠበቀውም። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ክዳኑን ሦስት ጊዜ አንኳኳና ጆሮውን ለጠፈበት። ልጆቹም እዚያው ቆመው ነበር። ማንም አልሳቀም።